ጅራታም ግሶችና የልጄ ግራ ዓይን

ለክቡር የቡጢ ስፖርት ማኅበር የሥልጠናና የብቃት ምዘና ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? የዓይኖችዎ ብርሃን፣ የጥርሶችዎ ቁጥርና የአፍንጫዎ አጥንት ፈጣሪ እንደሰጠዎት ሙሉ ሆነው ይህች ደብዳቤ ታገኝዎት ዘንድ ምኞቴ ነው። እኔ ባለፈው ወር ግጥሚያ ላይ ከሦስተኛው ረድፍ ተነስቼ መድረክ የወጣሁት ጫማ ሰፊ ነኝ። ማኅበርዎ በጻፈልኝ የአምስት ዓመት እገዳ ውስጥ «አንድ ግለሰብ» ተብዬ ተጠቅሻለሁና፣ ግለሰቡ ከሰባተኛ ክፍል የቀረ፣ ሚስቱን ከቀበረ ስድስት ዓመት የሆነው፣ የክበቡን ጓንቶች በገዛ እጁ የሚሰፋ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቦክሰኞች ማዕዘን ቆሞ በየዙሩ መካከል ደም ሲጠርግ፣ ሲብስም ፎጣ ወርውሮ ግጥሚያ ሲያስቆም የኖረ ረዳት መሆኑን እግረ መንገዴን ላስተዋውቅዎ። ምስጋናዬና ቅሬታዬ ተደበላልቀውብኛልና እርስዎ እንደ አዋቂነትዎ ይለዩልኝ።

አንደኛ። ረዳት ሁሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ይለፍ ብለው ስለወሰኑልን አመሰግናለሁ። እርስዎ ባይኖሩ፣ የእንግሊዝኛ ግስ ከኋላው ጅራት የምትመስል ትንሽ ቃል እየጎተተ እንደሚሄድ፣ ጅራቷ በተለወጠች ቁጥርም አውሬው እንደሚለወጥ ሳላውቅ እሞት ነበር። ጌት አፕ ተነሳ ነው፤ ጌት አውት ውጣ ነው፤ ጌት ኦቨር ደግሞ፣ አስጠኚያችን እንዳስረዱን፣ ሐዘንን ተሻግሮ ማለፍ ነው። ይህንን የመጨረሻውን በደብተሬ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት፤ በወረቀት ቀላል ነው። ኖክ ዳውን የተባለ ሰው ይነሳል፤ ኖክ አውት የተባለው አይነሳም። ልዩነታቸው አንዲት ትንሽ ቃል ናት ተባልን፤ እኔ በአሥራ አንድ ዓመት ያየሁት ልዩነት ግን የጭንቅላት አጥንት ነው። እኛስ ብንሆን «አለ» የምትባለውን ይዘን ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ድፍት አለ እንል የለም እንዴ? ለዚህ ማንም ፈትኖን አያውቅም፤ እናታችን ጓዳ ቁጭ ብለን ተማርነው።

ሁለተኛ። ጥያቄ ቁጥር ሃያ ሰባት። «ቦክሰኛዋ መቀጠል ሲያቅታት ረዳቷ ጊቭ ምን ያደርጋል?» ይላል፤ ባዶ ቦታውን ሙላ። እኔ «ፎጣ» ብዬ ሞላሁ። መልሱ «አፕ» ኖሯል፤ ጊቭ አፕ፣ እጅ ይሰጣል ማለት ነው። በቀይ እስክሪብቶ የተደረገብኝ ኤክስ ወረቀቱን ቀዶት ስለነበር የአራሚውን የክንድ ጉልበት ሳላደንቅ አላልፍም፤ በእንዲህ ያለ ቀኝ እጅ ቢሮ ውስጥ መቀመጥ ብክነት ነው። በዚህ ውጤት ከቦክሰኛዋ ልጄ ማዕዘን ተነሳሁ፤ በቦታዬ አርባ ከአርባ ያመጣው፣ በጂም ያሉት ሁሉ «ሰርተፊኬት» የሚሉት ጎልማሳ ቆመ።

ሦስተኛ። ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በመጀመሪያው ዙር ብቅ እያለች፣ ጎንበስ እያለች፣ ዞር እያለች ደህና ተጫወተች። በሁለተኛው ግራ ቅንድቧ ተሰነጠቀ። ሰርተፊኬት በርጩማው ላይ አስቀምጧት ቁስሉን በቫዝሊን መድፈን ሲገባው ጆሮዋ ስር ጎንበስ ብሎ «ካም ኦን! ኪፕ ኦን! ሃንግ ኢን!» ይላታል፤ በርቺ፣ ቀጥይ፣ ጽኚ መሆኑ ነው። ደሙ ዓይኗ ውስጥ ይፈስሳል፤ እሱ ጅራት ይቆጥራል። በሦስተኛው ዙር ግራ ዓይኗ ከብጉንጅ በላይ አብጦ ተዘጋ፤ ከዚያ ወገን የሚመጣውን ቡጢ ስለማታየው አንዱንም ሳትከላከል ተቀበለችው። ሰባት ቆጥሬያለሁ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ልጅቱን ገደሏት! ባለቤት የላትም እንዴ?» ብለው ጮኹ።

ባለቤትዋ እኔ ፎጣዬን ወረወርኩ። ዳኛው አየኝ፤ ፎጣዬ ብቁ ማዕዘን ውስጥ ስላልተወለደች በጫማው ጫፍ ገፍቶ አወጣት። ደንብ አክባሪ ሰው ነው፣ ይባረክ። ልጄ ድፍት አለች፤ ተነሳች፤ «ጎ ኦን!» ተባለች፤ ቀጥይ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ገመዱን እንዴት እንዳለፍኩ አላውቅም። ሰርተፊኬትን አፉ ላይ መታሁት። ወደቀ። አንስቼ ደገምኩት። ሁለት ጥርስ መርገፉን ከእገዳው ደብዳቤ ነው ያወቅሁት።

አራተኛውን ቅሬታ በእርስዎ ላይ ልጽፍ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን ሲጣራ ባለቤቱ እኔው ሆንኩ። የመጀመሪያው ቡጢ ስለ ልጄ ነበር። ሁለተኛው ስለ ፈተናዬ ነው። ጸሎት ላይ ቆሜ ይህንን ልሸፋፍነው ብሞክር አልተሸፈነልኝም። ደግሞም የዚያን ዕለት ጠዋት ተንበርክኬ የለመንኩት ልጄ በሰላም እንድትመለስ ሳይሆን ያችኛዋ ተጋጣሚዋ ቶሎ እንድትዘረር ነው። የሰው ልጅ ፊት እንዲፈርስ ፈጣሪን እርዳኝ ብያለሁ። ለእጄ አምስት ዓመት ቀጥታችሁኛል፤ ለጸሎቴ የሚሆነውን ቅጣት ከእናንተ አልጠብቅም።

እኔ መድረክ ስለወጣሁ ልጄ ተሸናፊ ተባለች፤ በመጪው ቅዳሜም የመልስ ግጥሚያ ተሰጣት። ድና ለመግጠም ብቁ መሆኗን ሰርተፊኬት በሪፖርት አረጋግጧል፤ ሪፖርቱ በጥሩ እንግሊዝኛ ስለተጻፈ ዓይኗን ማየት ያስፈለገው ሰው አልነበረም። እሷም መግጠም ትፈልጋለች። «አባዬ፣ ያሸነፈችኝ እሷ አይደለችም፤ አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚህ የሚብስ ቡጢ በአሥራ አንድ ዓመት አልቀመስኩም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፤ ወደ ማዕዘኔ መልሱኝ አልልም፣ እገዳዬንም አስር ዓመት ያድርጉት። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የዓይን ሐኪሟ እስኪፈቅድላት ድረስ ስሟን ከቅዳሜው ዝርዝር ይሰርዙ። ይህንን ለእርስዎ መጻፌን ነግሬያታለሁ፤ ይኸው ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ዕድሜ ልኳን ብታኮርፈኝም በሁለት ዓይኗ እያየችኝ ታኩርፈኝ።

ለሰጡኝ ትምህርት ውለታዎን መመለስ የማይቻለኝ፣ በፈተናዎ የወደቅሁ፣ በደንብዎ የታገድኩ፣ ቢሆንም ስለ ጤንነትዎ መጸለዬን ያላቋረጥኩ ትሑት አገልጋይዎ፣

ጫማ ሰፊው

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዓይን ሐኪሟን ማስረጃ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። በአገር ቋንቋ በመጻፉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ደግነቱ አምስት ቃል ብቻ ነው። «ዳግም ከተመታች ግራ ዓይኗ ይጠፋል» ይላል። የጎደለች ትንሽ ቃል ካለች እርስዎ ይጨምሩባት፤ ከጨመሩ በኋላ ግን ቅዳሜ ደወሉ ከመደወሉ በፊት ከሥሯ ስምዎን ጽፈው ይፈርሙበት።