ኖራው ሳይፋቅ

የካቲት 28

ስማኝማ። የቀለሙን ባልዲ ክዳን ሳታጠብቀው ነው የሄድከው። ዛሬ ከፈትኩት፤ ላዩ ቆዳ አውጥቷል። እኔ ብሆን ኖሮ እንዲህ ያደረግኩት ስንት ቀን ታወራብኝ ነበር? "ምክትል፣ ክዳን በእጅ አይገጠምም፣ በመዶሻ ነው!" አለቃው ራሱ ሲረሳስ ማን ይናገረው?

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የሂሳብ ፈተና ነበረን፣ እንደነገሩ ሠራሁ። ስመለስ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቤቱን አየሁት። ከበሩ እስከ መስኮቱ ያንተ ቢጫ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ያው የድሮው ኖራ። ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ ውሃ የሄደበት ሰው ይመስላል።

ሦስት ወር ሆነ። ሐሙስ ከመሰላሉ ወርደህ "ራሴን አመመኝ፣ ነገ እጨርሰዋለሁ" አልክ። እሁድ ሆስፒታል። ማክሰኞ... ተወው።

እማዬ ከዚያ ወዲህ በፊት በር አትወጣም። በጓሮ ነው የምትገባ የምትወጣው፣ በልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ግቢ አቋርጣ። አክስቴ ዛሬም ደወለች። ስልኩ ጮክ ስለሚል ሁሉንም ሰማሁ። "እዚያ ግድግዳ ስር ተቀምጠሽ ከምትብሰለሰይ ወደኔ ነይ። አንድ ክፍል ባዶውን ነው ያለው።" እማዬ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረች። ከዚያ፣ "እሱ የጀመረው ሲያልቅ ልየውና እወስናለሁ" አለች። ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች።

"ቀቢ ፈልግ። የሚታመን ይሁን። የልጄን እጅ ግን እንዳይነኩብኝ፣ የቀረውን ብቻ።"

ግድግዳው አምሮ ካለቀ ትቆያለች። ካላማረ ትሄዳለች። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው።

የካቲት 29

የሚታመን ቀቢ በምን ይታወቃል? እንዲህ ያለውን የምጠይቀው አንተን ነበር።

መጋቢት 1

ቀለም መሸጫው ሄድኩ። ባለሱቁ "የኢንጂነሩ ወንድም አይደለህ?" አለና ዓይኑን ከኔ አሸሸ። ሰፈሩ ሁሉ ኢንጂነሩ እንዳለህ ነው። የሦስት ሰው ስልክ በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈልኝ። "በኋላ ግን በኔ እንዳታላክክ" አለ።

የመጀመሪያው ከሰዓት መጣ። ከመኪናው እንኳ አልወረደም። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣

"አባትህን ጥራልኝ።"

"የለም።"

"ታላቅህንስ?"

"...የለም።"

"ታዲያ ከማን ጋር ነው የምነጋገረው?"

"ከኔ ጋር።"

ሳቀ። ክፋት የለውም ሳቁ። ግን ሳቀ። "ትልቅ ሰው ሲመጣ ደውሉልኝ" ብሎ ሄደ። ትልቅ ሰው ከየት ነው የሚመጣው? አባባ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ እንደዛሬ የተፈለገበትን ቀን ግን አላስታውስም።

መጋቢት 4

ሁለተኛው በእግሩ መጣ። ሽማግሌ ሊባል ጥቂት የቀረው፣ ዝምተኛ ሰውዬ። ሰላምታ ሰጥቶኝ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው። ስለ ዋጋ ምንም አላለም። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ እያደረገ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ፣ ደረት እንደሚመረምር ሐኪም። አንዳንዱ ቦታ ላይ ድምፁ ይለያል፣ ከስሩ ባዶ የሆነ ይመስላል። ደጋግሞ የሚያንኳኳው ያንተን ቢጫ ነው።

ከኪሱ ፕላስተር አወጣ፣ ያንን የካርቶን ማሸጊያውን። ቆረጠና ቢጫው ላይ ለጠፈ። በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ቦጨቀው። ቀለሙ አብሮ መጣ። ከስሩ ነጭ ዱቄት።

"ይሄን ማነው የቀባው?"

"ወንድሜ።"

"ኖራውን ሳይፍቅ ነው ላዩ ላይ የቀባው። ኖራ ዱቄት ነው ልጄ፣ ቀለም አይዝም። ሁሉም ተፍቆ እንደ አዲስ ነው የሚጀመረው። ይሄ አንድ ደህና ዝናብ አይችልም።"

"እሱ እንዲነካ አንፈልግም። የቀረውን ብቻ ነው።"

"የቀረውን ብቻማ አልሠራልህም። ገንዘባችሁን መጣል ነው።"

ፕላስተሩን ከእጁ ነጠቅኩት። አዎ፣ ከትልቅ ሰው እጅ ነጠቅኩት። ብታየኝ ጆሮዬን ነበር የምትይዘው። "እደውልልዎታለሁ ጋሼ" አልኩት። እንደማልደውል ሁለታችንም አውቀናል።

ዝም ቢል ምን ነበረበት? በሞተ ሰው ሥራ ላይ እንዲህ ይባላል? ግን መሞትህን አልነገርኩትም። በምን ያውቃል?

መጋቢት 5

ሦስተኛው! ሳቂታው ብየዋለሁ። ገና ከበሩ ሳይገባ፣ "ኧረ ይሄን የቀባ እጅ ይባረክ!" አለ። ኋላ ኋላ እየሄደ ራሱን ነቀነቀ። "ጌታው፣ ይሄ እኮ የባለሙያ ሥራ ነው። እኔ እዚህ ላይ ምን እጨምራለሁ? የቀረችውን ማስጠጋት ብቻ ነው።" ጌታው የሚለው እኔን ነው።

እማዬ ድምፁን ሰምታ ወጣች። በፊት በር! ደረጃው ላይ ቆማ፣ "ልጄ ነው የቀባው" አለች። "እንግዲያው እናቴ፣ ልጅ ወልደዋል!" አላት። ፈገግ አለች። ጥርሷን ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው?

በቃ፣ እዚያው ተስማማን። ግማሹን ቅድሚያ ወሰደ። አየህ፣ ሁሉም ሰው እንደ ዝምተኛው አይደለም።

መጋቢት 7

ሳቂታው ሦስት ሰዓት ላይ መጥቶ ስድስት ሰዓት ላይ ሄደ ትላለች እማዬ። ቸኩሎ ነው አለች። ነገ ይመጣል።

መጋቢት 10

አልመጣም። ከትናንት ወዲያም፣ ትናንትም፣ ዛሬም። ስደውል "መንገድ ላይ ነኝ ጌታው"። ከሰዓት ስደውልም መንገድ ላይ ነው። ይሄ ሰው የሚመጣው ከየት አገር ነው?

መጋቢት 12

ከትምህርት ቤት ስመለስ ሲሠራ አገኘሁት። ባልዲው ውስጥ ውሃ በጆግ ይጨምራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...

"አልበዛም?"

"ጌታው፣ ቀለም ውሃ ካልጠጣ አይሮጥም!" ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ? ተው ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ተቆጥቶ ጥሎን ቢሄድስ? ማንን አመጣለሁ? ቆሜ አየሁት፣ ከዚያ የቤት ሥራ አለብኝ ብዬ ገባሁ። የቤት ሥራ አልነበረኝም።

የሱ ቢጫ ካንተ ቢጫ ጋር አይገናኝም። ታሞ የተነሳ ዓይነት ነው። ልብስ ሰፊዋ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ "ውይ! ኮቱን ከአንድ ጣቃ፣ ሱሪውን ከሌላ ጣቃ ቆረጣችሁትሳ" አለች። እማዬ መስኮቱ ጋ ነበረች። ሰምታ ይሆን?

መጋቢት 14

ጨረስኩ ብሎ የቀረውንም ተቀብሎ ሄደ። "ሲደርቅ ይመሳሰላል።" እማዬ ወጥታ አየች፣ አንዴ ያንተን፣ አንዴ የሱን።

"ሲደርቅ ይመሳሰላል አለ" አልኳት።

"እንየዋ።"

ሻንጣዋን አየሁ። አልጋው ስር ነው፣ አቧራው እንዳለ። ደህና።

መጋቢት 17

ዝናብ። ፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ላይ ጀመረ። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ምንም አይሰማም፣ መምህሩ ማስተማሩን ትቶ ተቀመጠ። ክፍሉ ሁሉ ተደሰተ። እኔ ደብተሬን ሰብስቤ የመጨረሻውን ደወል ጠበቅኩ። ከዚያ ሩጫ።

የሳቂታው ወርዷል። ደረጃው ላይ ቢጫ ውሃ ተኝቷል፣ ግድግዳው ላይ ኖራው ተመልሶ ብቅ ብሏል። ይሄስ ይሁን። ያንተም... ከመስኮቱ በታች አብጦ አብጦ፣ መዳፍ የሚያህል ተገንጥሎ መሬት ላይ ወድቋል። አነሳሁትና የነበረበት ቦታ ላይ ገጥሜ በእጄ ይዤው ቆምኩ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። እየዘነበ። ሞኝ። እጄን ሳነሳ አጠገቡ የነበረውንም ቀለም ይዞ ወደቀ።

እማዬ ከጓሮ በኩል፦ "የልጄስ? ደህና ነው?"

"ደህና ነው" አልኳት።

መጋቢት 18

ሳቂታው ስልኩን ዘግቷል። አሁን መንገድ ላይ እንኳ የለም።

ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። "እንዳታላክክ ብዬህ አልነበር?" አለኝ። ብሎኛል፣ እውነቱን ነው። ልወጣ ስል ግን ጠራኝ። ዝምተኛው ከሱቁ ጀርባ ያለውን ክሊኒክ እየቀባ ነው አለኝ።

በምን ዓይኔ ነው የማየው?

መጋቢት 19

ሄድኩ። መወጣጫ ላይ ነበር። ሲያየኝ ወረደ፣ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። መንገዱን ሙሉ የተለማመድኩት ንግግር ብን ብሎ ጠፋኝ።

"ወረደ" አልኩ።

"የቱ?"

"ሁለቱም።"

"እህ።"

ነግሬህ ነበር አላለም። እስኪል ጠበቅኩ፣ አላለም።

"ወንድሜ ሞቷል ጋሼ። የዛን ቀን አልነገርኩዎትም።"

"ገብቶኛል።"

"በምን?"

"ሰው ሥራ ሲያቋርጥ ጥግ ላይ ደርሶ ነው የሚያቋርጠው። የናንተ መሀል ግድግዳ ላይ ነው የቆመው። ሊመለስበት ያሰበ ሰው ነው።"

"እያወቁ ነው እንዴ እንደዛ ያሉኝ?"

ጨርቁን አጣጠፈው። "ምን ልበልህ ታዲያ? ስለ ግድግዳው ነው የጠየቅከኝ።"

የቀረን ለቀለም እንጂ ለእጅ ዋጋ እንደማይበቃ ነገርኩት። ሳቂታው እንደወሰደው አልነገርኩትም፣ አልጠየቀኝምም። መፋቁን አንተ ታግዘኛለህ አለ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት በፊት። የእጄን ዋጋ ቀስ እያላችሁ ትከፍሉኛላችሁ አለ። ልስመው ምንም አልቀረኝም። ከዚያ፣

"እናትህ ያውቃሉ?"

"ምኑን?"

"የልጃቸው እጅ እንደሚፋቅ።"

"አታውቅም።"

"ሳያውቁ አልነካውም።"

"ካወቀች ትሄዳለች!"

ትንሽ አየኝ። "እሱን እኔ ላስተካክልልህ አልችልም ልጄ" አለና ወደ መወጣጫው ተመለሰ።

መጋቢት 20

አልነገርኳትም።

መጋቢት 21

አልነገርኳትም። አክስቴ ደወለች። እማዬ "እስቲ" አለቻት። እስቲ ምን?

መጋቢት 22

ነገርኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ኖራውን ሳይፍቅ ነው የቀባው። ቀለሙ አልያዘም።"

"ማን አለ?"

"ቀቢው። እኔም አይቻለሁ እማዬ። በዝናቡ ቀን ደህና ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

ተነስታ በፊት በር ወጣች። ተከተልኳት። ያበጠውን በጣቷ ጫፍ ጫን አደረገችው፤ ተሰበረ። ምድጃ የነካች ይመስል እጇን ሰበሰበች።

"እኔ ነኝ እኮ" አለች።

"ምኑ?"

"ልፍቀው ብሎኝ ነበር። አንድ ሳምንት ይፈጃል እማዬ፣ ግን መፋቅ አለበት አለኝ። እህቴ ልትመጣ ነው፣ አቧራ በአቧራ ልታደርገኝ ነው? ዝም ብለህ ቀባው አልኩት። እሺ አለኝ። እምቢ አይል መቼም እኔ ስለው።"

ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዝምተኛው ከማወቁ በፊት ታውቅ ነበር። ደስ እንዲለኝ ነው ወይስ... ምን ልበላት? አንቺ ምን አጠፋሽ ልበላት? አልኳት። አልሰማችኝም። ዝናቡ ድምፁን እንደዋጠበት የፊዚክስ መምህር ሆንኩ።

"ፋቁት" አለች በመጨረሻ። "እኔ ግን ሲፋቅ ቆሜ አላይም።"

ገብታ ከአልጋው ስር ሻንጣዋን ጎተተች። ድምፁ እስከ ውጭ ተሰማ።

መጋቢት 23

አክስቴ መኪና ይዛ መጥታ ወሰደቻት። ፈተናዬ ሁለት ወር ይቀረዋል፣ ስጨርስ እከተላለሁ ተባለ። ምሳና እራት ልብስ ሰፊዋ ጋ። ሁሉንም እነሱ ተነጋግረው ጨርሰውታል፣ እኔ ሻንጣ ተሸካሚ ነበርኩ።

ግድግዳውን ቀና ብላ አላየችውም። መኪናው ሊነሳ ሲል መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

"ሲያልቅ ፎቶ እንዳትልክልኝ።"

"እሺ።"

"መሰላል ላይ እንዳትወጣ።"

"እሺ።"

"ብላ ደግሞ።"

"እሺ።"

አትሂጂ ማለት ነበረብኝ? ብል ትቀር ነበር? እኔም እሺ ማለት ብቻ ነው የተማርኩት።

መጋቢት 24

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነቃሁ። ቤቱ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር የለም። አልጋዬን አነጠፍኩ፣ ማን እንዲያይልኝ እንደሆነ እንጃ። ዳቦ በቁሜ በላሁ። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። የእማዬን ክፍል በር ገርበብ እንዳለ ተውኩት።

ዝምተኛው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ በር ላይ ነው፣ ልክ ባለው ሰዓት።

"ማን አለ?"

"እኔ ነኝ ያለሁት።"

ራሱን ነቀነቀና ሁለት መፋቂያ አወጣ። ደህናውን ለኔ ሰጠኝ። አያያዙን አሳየኝ፣ ጋደም አድርገህ፣ ከታች ወደ ላይ፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ። እሱ የሳቂታውን ጎን ያዘ። ያንተን ለኔ ተወው። 

ይከብዳል ብዬ ነበር። አይከብድም። በትልልቁ ነው የሚለቀው፣ ስሩ ያለውን ኖራ ይዞ፣ እንደ ቅርፊት። አንዳንዱማ መፋቂያው ሳይደርስበት ይወድቃል። አንድ ቦታ ላይ ከብሩሽህ የተነቀለች ፀጉር ቀለሙ ውስጥ ደርቃ ነበር። ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ እሷንም ፋቅኳት። አንተን አራት ቀን የፈጀብህን በሃምሳ ደቂቃ ጨረስኩት።

ዝምተኛው መጥቶ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረገ።

"አሁን ይይዛል" አለ።

ትምህርት ቤት ረፈደብኝ። ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

"አንተ! ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያደርከው?"

"ግድግዳ ስፍቅ ነበር።"

"ቢጫ በቢጫ ሆነሃል እኮ። ፀጉርህን አራግፍና ግባ።"

አጎንብሼ በሁለት እጄ አራገፍኩ። ብዙ ወረደ። ገባሁ።