ተጉመጥምጬ የተፋሁት አረቄ

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ዋሾ ተባልኩ። በስልሳ ሁለት ዓመቴ፣ ጢሙ ገና ባልሞላ ልጅ! ስኳሬ ሁለት መቶ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። ባለፈው ወር ሁለት መቶ ስልሳ ነበር። የጤና ጣቢያው ልጅ ወረቀቱን አየ፣ ጠጋ ብሎ አሸተተኝና ሳቀ። «አባባ፣ አረቄው ካልቀረ ኪኒኑ ምን ያድርግ?» አልጠጣሁም አልኩት። «ሽታውስ?» ጋቢዬን ወደ አፌ ሳብኩ። በሚቀጥለው ካልወረደ ወደ መርፌ እናዛውርዎታለን አለና ቀጣዩን ተረኛ ጠራ።

እዚህ ልጻፈው፤ ለማንም አልናገረውምና። ከፍልሰታ ወዲህ አንድ ጠብታ አረቄ በጉሮሮዬ አልወረደም። ጠዋት ጠዋት ግን እጉመጠመጥበታለሁ፣ እተፋለሁ። ድዴ ይደማል። ሁለት የታች መንጋጋዎቼ ይነቃነቃሉ። ይህን ማን ይስማ? እኔ ቡሬ ከብት ተራ የበቅሎ ደላላ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የከብት አፍ ከፍቼ ዕድሜውንና በሽታውን ተናግሬያለሁ። ጥርሱ የሚወልቅ አፍ ከፋች ተብዬ ገበያው ይሳቅብኝ? ሞቼ ነው ቆሜ!

ማክሰኞ

ባለቤቴ ጥሩዬ የማሩን ማሰሮ ተሸክማ ጎረቤት አስቀመጠች። ሌባ ነኝ በቃ። «ስኳሩ ከሰማይ አይወርድ፤ ሌላ ቤት እየጠጡ ነው እንጂ» አለችኝ። አርባ ዓመት አብራኝ ኖራ!

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የአንድ ለአምስቱ ሰብሳቢ ሊመክረኝ መጣ። የራሱን ሽንት ቤት ሳይቆፍር ስለ ጤና ሰው የሚሰበስብ ጉድ! መጠጥ ልማትን ያደናቅፋል አለኝ። ይህን እያለ ሁለት ጣሳ ጠላችንን ጨልጦ ወጣ።

ሐሙስ

መብላት ያቃተኝ፦ ቆሎ። ጥብስ። ትኩስ ነገር። ቀዝቃዛ ውሃም ያንዘረዝረኛል። የሚሆነኝ፦ በወጥ የራሰ እንጀራ፣ እንደ ሕፃን።

ጥሩዬ ቆሎውን ለምን ተዉት ብላ ጠየቀችኝ። ጠግቤ ነው አልኳት። ቆሎውን አነሳች። እውነት ስናገር ዋሾ እባላለሁ፣ ስዋሽ ታምነኛለች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 24

ተዋረድኩ።

አንድ የሽንዲ ሰው ዳማ በቅሎ አምጥቶ፣ ጤነኛ ናት እያለ ይምላል። ከንፈሯን ገለጥኩ። ድዷ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ይሸታል። «ይቺን ገብስ ብታበላት አትወፍርም! አፏ ውስጥ ያለው ቁስል ነው የሚበላባት። ሰው ልታታልል ነው የመጣኸው?» ብዬ በሰው መሀል ጮህኩበት። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አበዛሁት መሰለኝ፣ ደም በከንፈሬ ወረደ። ሰውዬው ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «አያ ደሴ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለ። ሳቁ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዱላዬን አንስቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ጥሩዬ ሄዳ ወሬ ይዛ ተመለሰች፤ ከንፈሬ የደማው ሰክሬ ወድቄ ነው አሉ። የዚህ አገር ሰው ዓይን የለውም፣ ምላስ ብቻ ነው ያለው።

እሷ ወደ ማድቤት ስትገባ መስታወቷን ይዤ በር ላይ ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ። የትናንትናዋ በቅሎ! ይህን አፍ ገበያ ላይ ባገኘው ባለቤቱን እሰድበው ነበር። የአፍ ቁስል ገላን ይበላል ብዬ የጮህኩት እኔው ነኝ። ደንቆሮ!

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ለጥሩዬ በቅሎ ላሻሽጥ ነው ብዬ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ሄድኩ። እዚያ ጥርስ የምታክም ሴት አለች ሲሉ ሰምቼ ነበር። ልጄ የምትሆን ናት። «አፍዎን ይክፈቱልኝ አባቴ» አለችና ከንፈሬን በጣቷ ገለጠችው፣ ልክ እኔ በቅሎ ላይ እንደማደርገው። ብነክሳት ደስ ባለኝ። ሽታው ደረሳት። አሁን ትስቃለች ብዬ ጠበቅሁ። «በአረቄ ይጉመጠመጣሉ እንዴ? እሱ እኮ ድዱን ይባስ ያቆስለዋል» አለች። ይጠጣሉ አላለችም። ዓይኔ እንባ ሞላ። መብራቱ ነው አልኳት።

ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ስኳር ሲበዛ ድድ ቶሎ ይቆጣል፣ ቁስሉም እንቢ ብሎ ይቆያል። የተቆጣው ድድ ደግሞ በተራው ሰውነትን ያስቆጣል፣ ስኳሩ ኪኒን እየተዋጠም አልወርድ ይላል። አንዱ ሌላውን እየቀለበ ይኖራል። ያ የጤና ጣቢያ ልጅ አንድ ቀን እንኳ አፍዎን ይክፈቱ አላለኝም። የተማረው አፍንጫው ብቻ ነው።

ሁለቱን መንጋጋዎች ነቀለች። የቀሩትን ከሥራቸው ጠረገች። ጥርስዎን በየቀኑ ይፋቁ፣ አረቄውን ይተዉ፣ በጨው ውሃ ይጉመጥመጡ አለች። እሺ አልኳት። ለሰው እሺ ካልኩ ዘመን ሆኖኛል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

መቶ ስልሳ!

ልጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየ። ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጎ «ጎበዝ አባባ! አረቄውን ተዉት ማለት ነው» አለኝ። ኤዲያ! አህያ የሚል ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። መርፌው ግን ቀርቶልኛል።

ጥሩዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ነገርኳት። «ተዉት አይደል? ሰው ሲመክርዎ ይኸው» ስትለኝ ደሜ ፈላ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩና «ነይ፣ እዪ» ብዬ አፌን ከፈትኩላት። ጎንበስ ብላ አየች። ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«ይህ መቼ የሆነ ነው?»

«ከፍልሰታ ጀምሮ ሲያመኝ ነበር።»

«አረቄውስ?»

«እጉመጠመጥበት ነበር፣ እተፋው ነበር።»

በነጠላዋ አፏን ይዛ አለቀሰች። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም?» አለችኝ። መስማቱንስ ሰምቻለሁ። ለሌላ ሰው የተነገረ መስሎኝ ነው።

አመነችኝ። ማሩን ግን ከጎረቤት አላመጣችም።

ከላይ አንዱ ጥርሴ ዛሬም ትንሽ ይነቃነቃል። ነገርኳት።