የሊዮል ጆሮ እና የድስቱ ክዳን

ልጄ ሔራን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ፤ ዳላስም ሆነሽ አትለይሽ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። በማታ ትምህርት ቤታችን የሚበልጠኝ መምህሩ ብቻ ነው፤ እሱም በትንሹ።

አራስ ልጅሽ ሊዮል የመጀመሪያውን የጆሮ ምርመራ አላለፈም ብለሽ በስልክ ስትነግሪኝ፣ የአንቺ አራስነት ትዝ አለኝ። በተወለድሽ በሳምንትሽ የድስት ክዳን ከእጄ አምልጦ ራስጌሽ ወደቀ። አንቺ ደንግጠሽ ስታለቅሺ እኔ ሰማች ብዬ ሳቅሁ። ምርመራችን ያው ነበር። ክዳኑ እንደተጣመመ እስከ ዛሬ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ያ ለቅሶሽ ይናፍቀኛል።

አንቺ ግን በክዳን አትተማመኚ። ይሻለዋል እያልሽ ሳትዘገዪ በቀጠሮው ቀን መልሰሽ አስመርምሪው። ጆሮውን ይክፈትልን፤ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። ከሰማ ይህን ደብዳቤ ጆሮው ሥር አንብቢለት። ካልሰማም ሲያድግ እንዲያነበው አስቀምጪለት፤ አያቱ መጻፍ ችላለች።

እናትሽ ዘነበወርቅ