«ደስ ብሎኛል ትላለች» ብዬ ስለተረጎምኩልዎት

ለተከበሩ የትምህርት ቢሮ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለፈው ወር የጎረቤት አገር እንግዶችን ይዘን ትምህርት ቤቱን ስንጎበኝ ሳል ይዞዎት ነበርና፣ ለቅቆዎት እንደሆነ ከልብ እጠይቃለሁ። እኔ የዚያን ዕለት አስተርጓሚዎ ነኝ። የምጽፈው ለማመስገን ስለሆነ፣ ደብዳቤዬ በጋዜጣ ቢወጣ እንደማይከፋዎት ተስፋ አደርጋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሒሳብ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። እንግዶቹን አዳራሽ አስቀምጠው፣ የእኛ መንግሥት ከበጀቱ ከመቶ ሃያ አራቱን ለትምህርት ሲያውል የእነሱ ግን አሥራ ስምንቱን ብቻ እንደሚያውል በስክሪን አሳይተው «በርቱ» ብለው ሲያጽናኗቸው፣ እኔም ማጽናኛዎን አንድ ቃል ሳላጎድል አስተላልፌያለሁ። የእንግዶቹ መሪ የነበሩት ሴት በትሕትና አዳምጠው «እንግዲህ ክፍሎቹን እንያቸው» አሉ።

ሁለተኛ፣ ስለ አራተኛ ክፍል አመሰግናለሁ። ልጆቹ ጡብና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ሲያዩዋቸው፣ ሴትየዋ «ወንበሮቹ የት ሄዱ?» ብለው ጠየቁ። በእሳቸው አገር ወንበር ከክፍል የሚወጣው ለጥገና ብቻ ነው መሰለኝ። እርስዎም ምንም ሳይደነግጡ «ዝቅ ብሎ መቀመጥ ለጀርባ አጥንት ጥሩ ስለሆነ ነው በላቸው» አሉኝ፤ አልኳቸው።

ሦስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልቻልኩም።

ከመስኮቱ ሥር ጡብ ላይ የተቀመጠችው ልጅ የእህቴ ልጅ ናት። ሱፍ ለብሼ ስታየኝ አጠገቧ ላለችው ልጅ «ጋሽዬ ነው እኮ!» ስትላት ሰምቻለሁ። ሴትየዋ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብለው «ምን ይጎድልሻል?» ሲሏት፣ ልጅቷ መልሱን የሰጠችው ለእኔ ነበር።

«ጋሽዬ፣ ጡቡ ይቀዘቅዛል፤ እግሬም ይደነዝዛል። እነሱ ጋ ወንበር አለ አሉ፤ ለእኛም ይስጡን በላት። በደንብ ንገራት፣ እሺ?»

ሳል የያዘዎት ይኼኔ ነው። ሳልዎ ወዲያው ገብቶኝ «ምንም አይጎድለኝም፤ ስለመጣችሁ ደስ ብሎኛል ትላለች» ብዬ ተረጎምኩ። ሴትየዋ ጉንጯን ዳሰስ አደረጓት። ልጅቷም መልእክቷ የደረሰ መስሏት ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ እህቴ ቤት በሄድኩ ቁጥር «ሴትየዋ ምን አለች? ወንበሩ መቼ ይመጣል?» ትለኛለች። «ከሩቅ ስለሚመጣ ይቆያል» እያልኩ ስሸነግላት ሰነበትኩ። እሁድ ዕለት ግን አቃተኝና እናቷ ፊት እውነቱን ነገርኳት። አላለቀሰችም። «እኔ ደስ ብሎኛል አልኩ እንዴ?» ብቻ አለችኝ። እህቴ ቀና ብላም አላየችኝ። ልሄድ ስነሳ ልጅቷ እስከ በር ሸኘችኝና «ደህና ይዋሉ» አለችኝ። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ አንተ የምትለኝ ልጅ፣ እርስዎ አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እኔም ለእርስዎ የምጽፈው ከዚህ በማያንስ አክብሮት ነው። ልጅቷ ያለችውን ሁሉ በትክክል ተርጉሜ ለሴትየዋ ልኬላቸዋለሁ፤ የእርስዎን ሳልም ጭምር።

ሙሉ ጤና እየተመኘሁልዎት፣ ከመቶው ውስጥ ሃያ አራቱ የገባበትም እንዲገኝ እየጸለይኩ፣ የእህቴን ቤት በር ለማንኳኳት ያፈርኩት፣

አስተርጓሚዎ የነበርኩት

ማሳሰቢያ፦ ለልጅቷ አናጺ ዘንድ አንድ ወንበር አሠርቼ ብወስድ፣ ርዕሰ መምህሩ «ሌሎቹን ያስቀናል፤ ደግሞም ከቢሮ ያልመጣ ዕቃ አንቀበልም» ብለው ከበር መለሱኝ። ወንበሩ አሁን ባዶውን እኔ ቤት ቆሟል። ለሚቀጥሉት እንግዶች ፎቶ የሚያነሡት ነገር ከቸገርዎት ላውስዎት እችላለሁ፤ ብቻ እባክዎ ይመልሱልኝ።