ከኋላዋ እጀታ ያላት ቮልስ

ይድረስ ለይበልጣል፣ ለኔው ይቤ፤

ከተለየኸን እነሆ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ስልህ እንዳትጠራጠር፤ በመጀመሪያው ዓመት ብጽፍልህ ኖሮ ደህና ነኝ አልልህም ነበር። አሁን ግን እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ከጎረቤትም ጋር እንደ ድሮው እከራከራለሁ። አጥሩን በብሎኬት አሠራሁት። እንደምትጠላው አውቃለሁ፣ ግን ባሕር ዛፉ በስብሶ ነበር። በራችን ፊት ያለው መንገድም ኮብልስቶን ሆኗል፤ ክረምት ላይ ጭቃ ብሎ ነገር ቀረ። ትልቁ ወሬ ግን ይኸውልህ፦ ቤዛን ዳርናት። ቮልሳችንንም አገኘኋት።

ቤዛ ገና በእግሯ ሳትሄድ፣ ልጄ በዚች ቮልስ ነው ሙሽራ የምትሆነው እያልክ ስትምል ኖረሃል። ሙሽራ የሚወስደው የወንዱ ወገን ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው የሴት አባት መኪና የሚያቀርበው ብልህም አትሰማም። ከዚያ ታመምክ፤ ለሕክምና አዲስ አበባ መመላለስ መጣ፤ ቮልሷም ተሸጠች። ገዢው ሲያስነሳት ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እኔም ያን ቀን እንደምመልሳት ለራሴ ቃል ገባሁ። ስለዚህ አምና ቤዛን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች መጥተው ሲሄዱ፣ ስለ ጠላውና ስለ ድንኳኑ ከማሰቤ በፊት ያሰብኩት ስለ ቮልሷ ነው።

ልጃችን ሽመልስ መቼም አንተን ነው የወጣው፤ ነገር ማክበድ ይወዳል። የድሮ ሰሌዳዋን ቁጥር ይዞ ደብረ ማርቆስን ቢሮ ለቢሮ አዳረሰ፤ ፎቶዋን ለሚያውቀውም ለማያውቀውም በስልክ ላከ። ምንም አላገኘም። እኔ የሄድኩት ሚካኤል በር ነው። እሷን ከሚካኤል ምዕመን በላይ ማን ያውቃታል?

ታስታውስ የለ? ሞተር እያንጓጓሁ በደጁ አላልፍም ብለህ፣ በሩ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ታጠፋት ነበር። ወርደህ፣ ኮፍያህን አውልቀህ ትሳለማለህ። ስትመለስ አትነሳም። ከቅዳሴ የሚወጣው ሰው ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ይገፋታል። ሰንበት በመጣ ቁጥር! ባትሪ ግዛ ብዬ ስነዘንዝህ፣ አንተ ሆዬ ከኋላዋ ሁለት የብረት እጀታ አስበይደህባት መጣህ፤ ለሚገፉት እንዲመቻቸው ነው አልከኝ። በሳቅ ሞትኩ። ከዚያ የጠዋቱ ውርጭ ብረቱን እያቀዘቀዘ እጄን ሲያመኝ አይተህ፣ የግራውን እጀታ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠቀለልክልኝ። እሱ የኔ ነበር፤ ሌላ ሰው ከያዘው ትቆጣለህ።

እናም በሩ ላይ ቆሜ፣ ቀለሟን ተዉት፣ እጀታዋን ፈልጉልኝ እያልኩ ለሚወጣው ሁሉ ተናገርኩ። ብዙም ሳይቆይ በአዲስ አበባ መስመር አውቶቡስ የሚነዳ የሰፈራችን ሰው ቤት ድረስ መጣ። ደጀን ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ከአንዲት ቢጫ ቮልስ ኋላ በጎች ታስረው አይቻለሁ አለኝ። ምኗ ላይ ነው የታሰሩት ብዬ ጠየቅኩት። እጀታዋ ላይ አለ። በማግስቱ ደጀን ነበርኩ።

ይቤ፣ ያቺን ሰማያዊ ቢጫ ቀብተዋታል! ብታያት አታናግራትም ነበር። ባለቤቱ በግ ነጋዴ ነው፤ እጀታው ለበግ ማሰሪያ የተሠራ መስሎት ነው ወዶ የገዛት። መጀመሪያ አልሸጥም ብሎኝ ነበር። በጎቹን ፈትቼ ገመዱን አቀበልኩትና የግራውን እጀታ ያዝኩ። ላስቲኩ አለ። ተሰነጣጥቋል፣ ግን አለ። የጭነት መኪናው ሁሉ እያለፈ፣ እዚያው አስፋልት ዳር ቆሜ አለቀስኩ። ሰውዬው ደንግጦ በርጩማ አመጣልኝ። ስለ አንተና ስለ ቤዛ አጫወትኩት፤ ተስማማን። በስንት እንደሆነ አልነግርህም፤ እዚያም ሆነህ ትቆጣለህ።

ለሠርጉ ቀን ግን አልሆነልኝም። የሙሽራው ወገኖች በአበባ የተሸበረቀ ነጭ መኪና ይዘው መጡ፤ ወግ ነውና ተውኩት። መልሱ ግን የኔ ነው! ልጄንም አማቼንም የምጠራው እኔ ነኝ፣ መኪናውንም የምልከው እኔ። ሽመልስን በቮልሷ ላክሁትና ሚካኤል በር ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። በሩ ላይ ሲደርስ እንዳንተው አጠፋት። ሙሽሮቹ ወርደው ተሳልመው ተመልሰው ገቡ።

ለካ በግ ነጋዴው አዲስ ባትሪ ገጥሞላታል። ሽመልስ ቁልፉን ገና ሲያዞረው ተነሳች። ሊገፋ የተሰበሰበው ሰው እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ስንት ዘመን አልነሳ ስትል የረገምኳት እኔው፣ ያን ጊዜ መነሳቷ ከፋኝ። አጥፋት አልኩት። ቤዛ ከውስጥ ሆና ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። ሚዜዎቹ በነሙሉ ልብሳቸው መጡ፣ ሽማግሌዎቹም ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። የግራውን እጀታ ማንም አልነካብኝም። ልጅህን ከሚካኤል በር እስከ ቤታችን በእልልታ እየገፋን አስገባናት።

አሁን ቮልሷ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የድሮ ቦታዋ ላይ ቆማለች። ሽመልስ እጀታዎቹን እናስነቅላቸው ወይ ብሎኝ ነበር፤ አላስጨረስኩትም። ቀለሟን ወደ ሰማያዊ እመልሰዋለሁ፤ ላስቲኩን ግን አልነካውም። እኔ በሕይወት እስካለሁ፣ በየሰንበቱ እዚያ በር ላይ ትጠፋለች። ስምህን ጠርቼ እሳለማለሁ። ከዚያ ቁልፉን ማንም አያዞርም፤ እንገፋታለን።

የግራው እጀታ ባለቤት፣
አሰለፈችህ