አንቴናው ላይ የተሰጣው የሽንት ጨርቅ

ይልማዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን፤ እኔም ጥቁሬን አወለቅኩ። ዘመድ አዝማዱ ሲበተን ቤቱ ጭር አለብኝና ይህን ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ቤታችን እንዳለ ነው። ጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ ላይ ያሰርከው የራዲዮን አንቴና ሽቦም አልተነካም። ልጃችን ሂሩት ትምህርት ቤት ገባች፤ ግንባሯን ቋጥራ ስታደምጥ ቁርጥ አንተን ናት። ራዲዮንህ ግን ዓመቱን ሙሉ ነጠላ ለብሶ ከረመ። ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ ታውቀዋለህ።

ታናሽ ወንድምህ ሊያገባ ነው። ባዶ ካሴት ከገበያ ስለጠፋ አንተ ከራዲዮን ዘፈን የቀዳህባቸውን ካሴቶች ጠየቀኝ፤ የሠርግ ዘፈን ሊቀዳባቸው። እሺ አልኩት፤ ግን አንድ ጊዜ ልስማቸውና ውሰድ አልኩት።

እንደተጋባን ሰሞን እኔም ያንን የእንግሊዞች ሮክ ጩኸት ነበር የምለው። ፊታቸውን ተቀብተው፣ የሚያብለጨልጭ ልብስና ባለ ወፍራም ሶል ጫማ አድርገው የተነሡትን ፎቶ ስታሳየኝ፣ እነዚህ ደግሞ የማን ሚዜ ናቸው ብዬ ሳቅሁብህ። አንተ ግን አልተቀየምክም። ሸክላ ላይ ያለው ዘፈን ኩል ተኩሎ ለሠርግ የወጣ ነው፤ በራዲዮ በቀጥታ ሲጫወቱ ግን ቤታቸው እንደመግባት ነው ትለኝ ነበር። ጣትህን ቀስረህ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ፣ ከበሮው ሲቸኩል፣ ጊታሩ እየሮጠ ሲደርስበት ታሳየኛለህ። ቢሳሳቱ አይደግሙትም፤ ስሕተታቸውን ይዘው ሲወጡት ነው የሚያምሩት። ይህን ጆሮ የሰጠኸኝ አንተ ነህ፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ስትቀዳ ግን ጨካኝ ነበርክ! ቴፑን ራዲዮኑ ፊት ስለምትደቅነው የቤቱ ድምፅ ሁሉ ይገባል። ስለዚህ ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ማንም አያስነጥስም፤ አንተም ጭምር። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ሳደምጥ የጎረቤት ውሻ አለ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ወሬ አለ። አንተ ብቻ የለህም። ሆድ ባሰኝ።

የመጨረሻውን ስከፍት የሂሩት ለቅሶ ተቀበለኝ። አራስ ሳለሁ አንድ እሑድ የተቀዳ ነው። የቀበሌው ጥበቃ ሽቦው ምንድን ነው ብሎ ሲያፋጥጥህ የልብስ ማስጫ ነው ብለኸው እንደነበር ትዝ ይልሃል? ከውጭ ጋር ይገናኛል መባል መዘዙ ብዙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ውሸቱ እውነት እንዲመስል አንድ ደረቅ ሸሚዝ ከሽቦው ላይ አይጠፋም ነበር። ያን እሑድ ግን የሂሩትን የሽንት ጨርቅ ራስህ አጥበህ፣ በቅጡ እንኳ ሳትጨምቅ ሁሉንም ደረደርክበት።

ዘፈኑ ሲሞቅ ድምፁ ሰጠመ። ሽቦው በጨርቁ ክብደት ረግቦ ቆርቆሮ አጥሩ ላይ ተኝቶ ነበር። ካሴቱ ላይ ወንበር ሲወድቅ፣ አንተ ወደ ጓሮ ስትሮጥ ይሰማል። ጊታሩ እንደገና ፈነዳ። እርጥቡን ጨርቅ ታቅፈህ ስትገባ የራስህን ሕግ ረሳህና ሳቅህ አመለጠህ። ከሆድህ ነው የሳቅከው፤ እኔም ከአልጋዬ ሆኜ አጀብኩህ። ሦስታችንም እዚያ ውስጥ አለን፤ እነዚያ ተቀብተው የሚዘፍኑት ሰዎች ሳያውቁ ያጅቡናል።

አለቀስኩ፤ ግን ዓመቱን ሙሉ እንዳለቀስኩት አይደለም። ሂሩትን ጠርቼ አሰማኋት። ሳቅህን ረስታው ኖሯል፤ እስኪመሽ አስደጋገመችኝ።

ወንድምህ ትናንት መጣ። ለሠርግህ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እልል እልልሃለሁ፣ ካሴት ግን የለኝም አልኩት። ያንተን ሳቅ ሳሰማው እሱም አብሮህ ሳቀ።

እሱን ሸኝቼ ካሴቱን ገለበጥኩና፣ እንዳስተማርከኝ፣ ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ጥርሶች በቢላ ጫፍ ሰበርኳቸው። ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም። እኔም በሕይወት እስካለሁ፣ ይልማዬ፣ በአንተ ላይ ሌላ አልቀዳም።

ያንተው
ውድነሽ