ሦስት ማዕዘን ሆነው የወጡት ኮከቦች

ሆዴ፣ እንዴት ነህ ብዬ እንዳልጠይቅህ መልስ የለህም፤ ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ከተለየኸን ነገ መንፈቅ ይሞላል። ጠላው ተጠምቋል፣ የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን አምጥተዋል። እኔ ግን ደክሞኛል። ሰው ሲያጽናናኝ እንኳ ይደክመኛል።

ቴሌስኮፕህን በለቅሶው ሰሞን ክረምቱ ሳይመታው ብሎ ከጣራው ያወረደው ጋሪ ጠጋኙ ወንድምህ ነው። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ አንተ እንደምትወደው ሲጠራ ግቢ ውስጥ መልሼ ተከልኩት። በካሜራህ ሳነሳቸው ግን ኮከቦቹ ሁሉ ሦስት ማዕዘን ሆነው ወጡ። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ መስሎኝ ጸጥ ባለ ማታ ደገምኩት፤ ያው ነው። ጤዛ ይሆናል ብዬ ጠራረግኩት፤ ያው። ካሜራውን አውልቄ በዓይኔ ባየውም ያው ሦስት ጫፍ።

ብትኖር፣ ኮከብ ጥፋት የለውም፣ ጥፋቱ ከእኛ ነው ትለኝ ነበር። ጋቢ ተከናንቤ ስነጫነጭብህ ትንሽ ቆዪ፣ ትንሽ ቆዪ እያልክ ታስመሸኝ ነበር። ያቺ ትንሽ ቆዪ ናፈቀችኝ።

በዚህ መሃል እናትህ ከእብናት መጡ። ፎቶውን ስልኬ ላይ ሲያዩ አማተቡ። ሥላሴ ናቸው፣ ልጄን ተቀብለውልኛል ብለው ስልኩን ሳሙት። ካረፍክ ወዲህ እህል በወጉ ያልቀመሱት ሴት ያን ዕለት በሉ፤ ተኙም።

ትናንት የቴሌስኮፑን ታች ስከፍተው ጉዱ ታየ። መስተዋቱን የያዙትን ሦስት ብሎኖች ወንድምህ እንዳይወድቅ ብሎ የጋሪ ጎማ እንደሚያስር ጥርቅም አድርጎ አስሯቸዋል። ለካ ኮከቡን ሦስት ማዕዘን ያደረገው መስተዋቱ በሦስት በኩል ተጨንቆ ነው። በካቻቢቴ ቀስ እያልኩ አላላኋቸው። ሲመሽ ኮከቦቹ ክብ ሆኑ፣ ጥርት አሉ። ከሄድክ ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ከፋኝ።

እናትህ ነገ ማታ ከተዝካሩ በኋላ ለዘመዶቻቸው በቴሌስኮፕህ ሥላሴን በዓይናቸው ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል። አንተ በውሸት አትታማም፤ እውነቱን ትነግራቸው ነበር። እኔ አቅሙ የለኝም። አንዴ ቀብረውሃል፤ ደግመው እንዲቀብሩህ አላደርግም።

ዛሬ ብሎኖቹን መልሼ አጠበቅኳቸው። ቅር እንዳይልህ፣ ሆዴ። ኮከቦቹ ክብ መሆናቸውን አልረሳም፤ እናትህ በሕይወት እስካሉ ብቻዬን አስታውስልሃለሁ።